የፈረሰው ኮሌጅና የጋራው ግቢ፦ ኮርንዋል ልጆቿን ለማስቀረት ያደረገችው ሙከራ

ልጆቹን ለትምህርት ርቀው እንዲሄዱ የሚሸኝ አካባቢ ብዙዎቹን መልሶ አያገኛቸውም። የሄደው ልጅ በሄደበት ይማራል፣ በሄደበት ሥራ ይይዛል፣ በሄደበት ጎጆ ይወጣል። ለትውልድ ቀዬው የሚተርፈው ለበዓል ብቅ የሚል እንግዳ ነው። ይህ የድሃ አገር ዕጣ ብቻ የሚመስለው ሰው ወደ ብሪታኒያ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ዞር ብሎ ቢያይ ይገረማል።

ቦታዋ ኮርንዋል ትባላለች። ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ሾልካ የገባች ምድር ናት። በ3 አቅጣጫ ባሕር ይከባታል፤ በምሥራቅ ደግሞ የታማር ወንዝ ከጎረቤቷ ከዴቨን ይለያታል። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ 570 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራት። የራሷ ባንዲራ፣ የራሷ ቋንቋና የራሷ ኩራት አላት። የብሪታኒያ መንግሥትም በ2014 የኮርንዋልን ሕዝብ በብሔራዊ አናሳነት ዕውቅና ሰጥቶታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለጎብኚ የባሕር ዳርቻ ገነት ናት። ለነዋሪው ግን ዝቅተኛ ደመወዝ፣ በጋ ጠብቆ የሚመጣ ሥራና የማይቀመስ የቤት ዋጋ ማለት ናት። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከጥቂት አነስተኛ ተቋማት በቀር የረባ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ስላልነበራት፣ ዲግሪ የፈለገ ልጅ በአብዛኛው ሻንጣውን ይዞ ታማርን መሻገር ነበረበት።

ዛሬ ግን ከፋልመዝ ወደብ አጠገብ ባለችው በትንሿ የፔንሪን ከተማ፣ ኮረብታ ላይ፣ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ግቢ ተጋርተው ያስተምራሉ። ይህ ግቢ እንዴት እንደተፈጠረ፣ ምን እንደፈታና ምን ሊፈታ እንዳልቻለ ለመረዳት ከ750 ዓመት በላይ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ኮሌጅ

በ1265 የኤክሰተር ጳጳስ የነበሩት ዋልተር ብሮንስኮም በፔንሪን ግላዝኒ የተባለ ኮሌጅ መሠረቱ። በዚያ ዘመን ኮሌጅ ሲባል ዛሬ የሚታወቀው ዓይነት ትምህርት ቤት ማለት አልነበረም። የሚቀርበው ምስል የአንድ ትልቅ ደብር ነው፦ ካህናት በማኅበር የሚኖሩበት፣ ሰዓታት የሚቆሙበት፣ የተማረ ሰው የሚሰበሰብበትና የሚጻፍበት ቦታ። ኤክሰተር ከታማር ወንዝ ማዶ በዴቨን ያለች የሀገረ ስብከቱ መቀመጫ ናት። ግላዝኒ ለምዕራቡ ጫፍ የእርሷ እጅ ሆኖ ተተከለ።

ይሁን እንጂ ተቋሙ የውጭ ሰው እጅ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በጊዜው የአካባቢው ሕዝብ የሚናገረው እንግሊዝኛ ሳይሆን ከዌልስና ከብሪታኒ ቋንቋዎች ጋር የሚዛመደውን ኮርኒሽ ነበር። በዚያ ቋንቋ ከተጻፉት ሥራዎች ሁሉ ትልቁ፣ ኦርዲናሊያ የተባለው ከፍጥረት እስከ ዕርገት የሚዘልቅ መንፈሳዊ ድራማ፣ በግላዝኒ ካህናት እንደተደረሰ ብዙ የታሪክ ምሁራን ያምናሉ። ከምክንያቶቻቸው አንዱ ደስ የሚል ነው፦ በድራማው ውስጥ ንጉሥ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ለሠሩለት ግንበኞች የሚከፍላቸው ዋጋ በፔንሪን ዙሪያ ያለ መሬት ነው። ደራሲው የኢየሩሳሌምን ታሪክ ሲጽፍ ተመልካቹ በየቀኑ የሚረግጠውን መሬት አስገብቶበታል። ዕውቀትን ከአፈሩ ጋር ማገናኘት ማለት ይህ ነው።

ግላዝኒ 280 ዓመት ያህል ቆመ። ከዚያ ሄንሪ 8ኛ ከሮም ቤተ ክርስቲያን ተለይቶ ገዳማትን መዝጋት ጀመረ። በልጁ በኤድዋርድ 6ኛ ዘመን ደግሞ፣ በ1548፣ ተራው የግላዝኒ ሆነ። ኮሌጁ ተዘጋ፣ ሀብቱ ተወረሰ፣ ሕንፃውም ፈርሶ ድንጋዩ ለሌላ ግንባታ ዋለ።

በማግስቱ ዓመት፣ በ1549፣ በእንግሊዝኛ ብቻ የተዘጋጀ የጸሎት መጽሐፍ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ትእዛዝ ወጣ። የኮርንዋል ሰዎች ከመካከላቸው እንግሊዝኛ የማይሰሙ እንዳሉ ገልጸው አዲሱን ሥርዓት አንቀበልም አሉና ከዴቨን ሰዎች ጋር ተነሡ። ዘምተው የኤክሰተርን ከተማ ከበቡ፤ ከበባው 5 ሳምንት ያህል ዘለቀ። በመጨረሻ የንጉሡ ጦር ደርሶ ዓመፁን በብዙ ሺህ ሰዎች ደም አጠፋው።

ቋንቋው ከዚያ በኋላ አላገገመም። የሚጽፍበትና የሚያስተምርበት ተቋም አልነበረውም፤ የጸሎት መጽሐፍም አላገኘም። ወደ ምዕራብ እያፈገፈገ ሄዶ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከዕለት ተዕለት ንግግር ጠፋ። ለቋንቋው መጥፋት የግላዝኒ መፍረስ ብቸኛው ምክንያት አይደለም። ግን አንድ ሕዝብ ዕውቀቱን የሚያስቀምጥበትን ቤት ሲያጣ ምን እንደሚከተል ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ከመሬት በታች የነበረው ሀብት

ኮርንዋል ከዚያ በኋላ በዓለም ፊት የታወቀችው በማዕድን ነው። ከምድሯ መዳብ ይወጣል፤ ከመዳብ ጋር ተቀላቅሎ ነሐስ የሚሆነው ቆርቆሮ የሚባለው ማዕድንም ይወጣል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በዓለም ከፍተኛ መዳብ አምራች ከነበሩት አካባቢዎች አንዷ ነበረች።

ማዕድኑ የተማረ ጭንቅላት ይፈልግ ነበር፤ ጭንቅላቱም አልጠፋም። ከፍተኛ ግፊት ባለው እንፋሎት የሚሠራ ሞተር በመሥራት ስሙ የሚነሣው ሪቻርድ ትሬቪቲክ በ1771 የተወለደው በዚሁ በማዕድን መንደር ነው። ታላቁ የኬሚስትሪ ሊቅ ሃምፍሪ ዴቪም በ1778 የተወለደው በኮርንዋሏ ፔንዛንስ ከተማ ነው። ሁለቱም ግን የሞቱት ከኮርንዋል ውጭ ነው። ዴቪ ዝናውን ያገኘው ለንደን ሲሆን ያረፈው ጄኔቫ ነው፤ ትሬቪቲክ ደግሞ ከለንደን አጠገብ በምትገኝ ከተማ ድሃ ሆኖ አለፈ።

በ1866 የመዳብ ገበያ ወደቀ። ከዚያ በኋላ የሆነው ጎርፍ ነው። ከ1861 እስከ 1901 ባሉት ዓመታት፣ በእያንዳንዱ አሥር ዓመት ከኮርንዋል ወንዶች አንድ አምስተኛው ያህል ወደ ውጭ ተሰደደ። ከ1841 እስከ 1901 በጠቅላላው ከሩብ ሚሊዮን በላይ ሰው ለቆ ወጣ። ወደ ደቡብ አውስትራሊያ፣ ወደ ካሊፎርኒያና ወደ ሚሺገን፣ ወደ ሜክሲኮ የብር ማዕድን፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ሄዱ። በዓለም የትም ጉድጓድ ቢቆፈር ከሥሩ አንድ የኮርንዋል ሰው አይጠፋም የሚለው አባባል የመጣው ከዚያ ነው። አባባሉ ኩራት ይመስላል፤ ውስጡ ግን ባዶ የቀረ ቤት አለ።

በዚያ የስደት ዘመን መካከል፣ በ1888፣ የካምቦርን ማዕድን ትምህርት ቤት ተቋቋመ። ተማሪዎቹ በእውነተኛ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ይሠለጥኑ ስለነበር ተመራቂዎቹ በየአህጉሩ ተፈላጊ ሆኑ። በ1902 ደግሞ በፋልመዝ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተከፈተ። አንዱ ከመሬት በታች ያለውን፣ ሌላው ዓይን የሚያየውን ያስተምር ነበር። ሁለቱም ትንንሽ ነበሩ፤ ሁለቱም በለንደን በሚወሰን በጀት ሥር የመዘጋት ወይም የመዋጥ ሥጋት ነበረባቸው። የማዕድን ትምህርት ቤቱ በ1993 ወደ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተቀላቀለ።

በ1998 የመጨረሻው የቆርቆሮ ማዕድን፣ ሳውዝ ክሮፍቲ፣ ተዘጋ። በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት የቆየ ሥራ በአንድ ቀን ታሪክ ሆነ።

ድህነቱን የደበቀው አማካይ

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ የቁጥር ጉዳይ አለ። የአውሮፓ ኅብረት ለድሃ አካባቢዎች ከፍተኛ የልማት ገንዘብ የሚሰጠው፣ የነፍስ ወከፍ ምርታቸው ከኅብረቱ አማካይ ከ75 በመቶ በታች ለሆኑት ነበር። ኮርንዋል ያን ያህል ድሃ ነበረች፤ ድህነቷ ግን በሰነድ ላይ አይታይም ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በስታቲስቲክስ ካርታው ላይ ኮርንዋልና የተሻለ ኑሮ ያላት ዴቨን እንደ አንድ ክልል ይቆጠሩ ነበር። የሁለቱ ተደምሮ ሲካፈል የኮርንዋል ችግር በዴቨን ምቾት ይሸፈናል።

የአካባቢው ተሟጋቾች ለዓመታት የጮኹት በዚህ ላይ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኮርንዋል ከሲሊ ደሴቶች ጋር ለብቻዋ እንድትቆጠር ሲደረግ እውነቱ ወጣ። ከ2000 ጀምሮም ከፍተኛው የድጋፍ ደረጃ ተሰጣት። በካርታ ላይ የተሰመረ አንድ መስመር በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ፓውንድ አመጣ።

ጥያቄው ገንዘቡ ምን ላይ ይዋል የሚለው ሆነ። መንገድና ፋብሪካ ብቻ ቢሠራበት ወጣቱ መሄዱን አይተውም። ዩኒቨርሲቲ ከዜሮ ይመሥረት ቢባል ደግሞ ብቻውን ሊቆም የሚችል ተቋም አልነበረም። ኤክሰተር በኮርንዋል ያለው የማዕድን ትምህርት ቤት ብቻ ነበር። የፋልመዝ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ገና ዩኒቨርሲቲ የሚል ስም እንኳ አልነበረውም። ፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲና የአካባቢው ኮሌጆችም የየራሳቸው ትንሽ ድርሻ ነበራቸው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ መፍትሔው ትንንሾቹን ማጣመር ሆነ። ተቋማቱ «የኮርንዋል ጥምር ዩኒቨርሲቲዎች» በሚል ስም ተባበሩ። የፋልመዝ ኮሌጅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ፔንሪን አጠገብ ትሬሞ የተባለውን ርስት ገዝቶ ነበር። ቦታው ለአሥርት ዓመታት በካቶሊክ መነኮሳት የሚመራ የሴቶች ትምህርት ቤት ነበር። በዚያ ኮረብታ ላይ በአውሮፓ፣ በመንግሥትና በክልል ልማት ገንዘብ አዲስ ግቢ ተገነባ፤ በ2004ም ሥራ ጀመረ። የካምቦርን ማዕድን ትምህርት ቤት ጓዙን ጠቅልሎ ወደዚያው ገባ።

ሁለት ባለቤት፣ አንድ ኩሽና

የፔንሪን ግቢ አሠራር ለብቻው ሊጠና የሚገባው ነው። ኤክሰተርና ፋልመዝ አልተዋሃዱም። እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ተማሪ ይቀበላሉ፣ የራሳቸውን መምህር ይቀጥራሉ፣ የራሳቸውን ዲግሪ ይሰጣሉ። የተጋሩት ሌላውን ሁሉ ነው፦ ቤተ መጻሕፍቱን፣ የተማሪ መኖሪያውን፣ ምግብ ቤቱን፣ ጥበቃውን፣ የሕንፃ ጥገናውን። ይህን የጋራ ሥራ የሚመራ ኤፍኤክስ ፕላስ የተባለ ድርጅት በጋራ አቋቁመዋል፤ ባለቤቶቹ ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። የተማሪዎች ማኅበሩም አንድ ነው።

የዚህ ትርጉም በሒሳብ ይገለጣል። አምስት ሺህ ተማሪ ያለው ተቋም ብቻውን የሚሠራው ቤተ መጻሕፍትና ሁለት ተቋማት ተጋግዘው የሚሠሩት አንድ አይደለም። ከሒሳቡም ያለፈ ነገር አለ። የማዕድን መሐንዲሱና ሠዓሊው፣ የሥነ ሕይወት ተመራማሪውና የፊልም ተማሪው በአንድ ጠረጴዛ ይመገባሉ፤ በአንድ ንባብ ክፍል ይቀመጣሉ። የተለያየ ዝንባሌ ያላቸው ሁለት ተቋማት መሆናቸው ጠቅሟቸዋል፤ አንድ ዓይነት ትምህርት የሚሰጡ ቢሆኑ ኖሮ ተማሪ ይናጠቁ ነበር።

የጋራ ኑሮ ግን ሁልጊዜ የሁለት ጌታ ጣጣ አለው። አንዱ መስፋፋት ሲፈልግ ሌላው ላይፈልግ ይችላል፤ ወጪውን ማን ስንት ይክፈል የሚለው ጥያቄም በየበጀት ዓመቱ ይመለሳል። ግቢው የጸናው መለያየት ከመጋራት የበለጠ ውድ ስለሆነ ነው። ብዙ ኅብረት የሚቆየው በፍቅር ብቻ ሳይሆን በዚህ ዓይነቱ ስሌትም ነው።

የተገኘው

በ20 ዓመት ውስጥ የመጣው ለውጥ ትንሽ አይደለም። ያ ትንሹ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ በ2012 መጨረሻ ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከዚያ በፊት በ2008፣ በዴቨን የነበረው የዳርቲንግተን የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ከእርሱ ጋር ተዋህዶ ወደ ኮርንዋል መጣ። ለዘመናት ታማርን ወደ ምሥራቅ ሲሻገር የኖረው ዕውቀት ለአንድ ጊዜ እንኳ አቅጣጫውን ለወጠ።

ኤክሰተር በበኩሉ በግቢው ላይ የሥነ ምኅዳርና የአካባቢ ጥበቃ ጥናት አጠናከረ። በ2010ዎቹ መጀመሪያም በአውሮፓ ገንዘብ ጭምር የአካባቢና ዘላቂነት ተቋም ተከፈተ። ባሕር ለከበባት ምድር ይህ ቅንጦት አይደለም፤ ዓሣውም፣ ዳርቻውም፣ ነፋሱም የአካባቢው ኑሮ ነው። የማዕድን ትምህርት ቤቱም ዋጋውን በሌላ መንገድ አሳየ። በ2016 በኮርንዋል ምድር ውስጥ ያለውን ለባትሪ የሚሆን ሊቲየም ለማውጣት ኮርኒሽ ሊቲየም የተባለ ኩባንያ ሲመሠረት፣ መሥራቹ ጄረሚ ራታል የዚሁ የካምቦርን ትምህርት ቤት ምሩቅ ነበሩ።

ጸጥ ያለው ለውጥ ደግሞ የቋንቋው ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጥቂት ምሁራን ኮርኒሽን ከመጻሕፍት ቀስቅሰው ማስተማር ጀምረው ነበር። መንግሥት በ2002 ለቋንቋው ዕውቅና ሰጠ። ዩኔስኮም በ2010 ጠፍቷል ከሚለው ዝርዝር አውጥቶ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መካከል አሰፈረው። የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ የኮርንዋል ጥናት ተቋም መቀመጫም በዚሁ በፔንሪን ግቢ ሆኗል። በግቢው ካሉት የተማሪ መኖሪያ መንደሮች አንዱ ደግሞ ግላዝኒ የሚል ስም ተሰጥቶታል። ከኤክሰተር የመጡ ጳጳስ የመሠረቱት ኮሌጅ ከፈረሰ 450 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ከኤክሰተር የመጣ ዩኒቨርሲቲ ወደዚያችው ከተማ ተመልሷል።

ያልተገኘው

ሙገሳው እዚህ ላይ ይቁም። ግቢው የተገነባበት ዋና ምክንያት የኮርንዋል ወጣት በአገሩ እንዲቀር ነበር። በኮረብታው ላይ ከሚማሩት አብዛኞቹ ግን ከኮርንዋል ውጭ የመጡ ናቸው። ከተመረቁ በኋላ መቅረት የሚፈልግም ቢኖር፣ ደመወዙ ከአገሪቱ አማካይ በታች የሆነበት ገበያ ይጠብቀዋል።

ከሥራው የባሰው ቤት ነው። የኮርንዋል የባሕር ዳርቻ መንደሮች ለንደን የሚኖሩ ሰዎች ለዕረፍት በሚገዟቸው ቤቶች ተሞልተዋል፤ ክረምት ሲመጣ መስኮቶቻቸው ይጨልማሉ። በ2016 የሴንት አይቭስ ከተማ ነዋሪዎች ከ80 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ፣ አዲስ የሚሠራ ቤት ለሁለተኛ ቤት ገዢ እንዳይሸጥ ወስነዋል። በፋልመዝና በፔንሪን ደግሞ በዚህ ላይ የተማሪው ቁጥር ተጨመረበት። አከራዩ ለአንድ ቤተሰብ ከማከራየት ለአራት ተማሪ ማከራየት ይሻለዋል። ነዋሪው ተቃወመ፤ በግቢው ሊማር የሚችለው ተማሪ ቁጥርም በአካባቢው አስተዳደር የግንባታ ፈቃድ ጣሪያ ተበጀለት። ወጣቱን ለማስቀረት የተሠራው ግቢ አንዳንዱን ወጣት ከኪራይ ቤቱ የሚያስወጣ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ከዚያ ብሬግዚት መጣ። በ2016ቱ ሕዝበ ውሳኔ፣ ብዙ የአውሮፓ ገንዘብ ያገኘችው ኮርንዋል 56.5 በመቶ ድምጿን ከኅብረቱ ለመውጣት ሰጠች። ብዙ ተንታኝ ውለታ ቢስነት አድርጎ አየው። ነገሩን ከታች ላየው ግን ሌላ መልክ አለው፦ የዓሣ አጥማጁ ሕይወት ሳይለወጥ በአጠገቡ የመስታወት ሕንፃ ሲቆም፣ በሕንፃው በር ላይ የተለጠፈው የአውሮፓ ባንዲራ ለእርሱ ብዙም አይነግረውም። መንግሥት በ2022 የአውሮፓውን ገንዘብ ለመተካት ለ3 ዓመት 132 ሚሊዮን ፓውንድ መደበ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግን በየጊዜው ለንደን በሚወስነው ላይ ተንጠልጥሏል።

እጅግ የሚያስቆጨው የማዕድኑ ነው። በ2020 ገደማ፣ የተማሪ ቁጥር በማነሱ፣ በካምቦርን ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዲግሪ የማዕድን ምሕንድስና መደበኛ ትምህርት አዲስ ተማሪ መቀበል አቆመ። ይህ የሆነው ዓለም ለባትሪና ለኤሌክትሮኒክስ ማዕድን በሚሻማበት ሰዓት ነው። በ2023 ደግሞ የተዘጋውን የሳውዝ ክሮፍቲ ማዕድን ዳግም ለመክፈት ጉድጓዱን የሞላው ውኃ መቀዳት ተጀመረ። ትምህርቱ በኋላ ከኩባንያዎች ጋር በሚሰጥ፣ ሥራና ትምህርትን ባጣመረ መልክ ተመልሷል። ትምህርቱን የተማሪ ገበያ ብቻ የሚመራው ከሆነ አካባቢው የሚፈልገው ሙያ በሚያስፈልግበት ሰዓት ሊታጣ እንደሚችል ግን ታይቷል።

የሚቀረው ጥያቄ

ግላዝኒ በአንድ ጳጳስ ፈቃድ ቆመ፣ በአንድ ንጉሥ ትእዛዝ ፈረሰ። የፔንሪን ግቢ በአውሮፓ ገንዘብ ቆመ፤ ገንዘቡ ሲቋረጥ አልፈረሰም። ልዩነቱን ያመጣው ሁለት ባለቤት ያለው መሆኑና ሥር የሰደዱ ነገሮችን ይዞ መገኘቱ ነው፦ ከ1888 የመጣ የማዕድን ዕውቀት፣ ከ1902 የመጣ የሥዕል ወግ፣ የባሕሩ ጥናት፣ ከመቃብር የተነሣ ቋንቋ። ከሌላ ቦታ ተገልብጦ የመጣ ሳይሆን ከዚያው ምድር የበቀለ ስለሆነ ሊነቀል አልቻለም።

መጋራት ድሃ አካባቢ አቅሙ የማይፈቅደውን እንዲሠራ አስችሎታል፤ ይህ በማስረጃ የታየ ነው። ግቢ ብቻውን ግን ሰው አያስቀርም። ከግቢው በር ውጭ ሥራና ቤት ከሌለ፣ ዲግሪው ራሱ ጥሩ የመሰደጃ ወረቀት ይሆናል። ስለዚህ የፔንሪን ስኬት የሚለካው በየዓመቱ ስንት ሰው ጋዋን ለበሰ በሚለው አይደለም። የፋልመዝ ዓሣ አጥማጅ ልጅ በዚያ ግቢ ተምራ፣ በተማረችው ተቀጥራ፣ አባቷ ጀልባውን ከሚያስርበት ወደብ አጠገብ ቤት መከራየት ከቻለች ግቢው ሥራውን ሠርቷል። እስከዚያ ድረስ ኮርንዋል በአንድ እጇ ያስተማረችውን በሌላ እጇ እየሸኘች ትቀጥላለች።